ማን ቀረ?

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ የምሳ ሰዓት ያስፈራኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል። ሰው ሁሉ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወደ ዛፉ ጥላ ይሮጣል። እኔ ቦርሳዬን እጎረጉራለሁ። የሆነ ነገር የጠፋባት ሰው መምሰል አለብኛ። የጠፋ ነገር የለም። ምሳ ዕቃም የለም። ክፍሉ ጭር ሲል ቧንቧው ጋ ሄጄ ውሃ እጠጣለሁ። "በላሽ?" ሲሉኝ "ቅድም" እላለሁ። "ቅድም" ጥሩ ቃል ናት። ማንም አጣርቶ አይደርስባትም።

ዓመቱ 2003 ነው። አባቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ድረስ ይመላለሳል። ያን ዓመት መኪናቸው ተገልብጦ እግሩ ተሰበረና ቤት ዋለ። እናቴ ገና ሳይነጋ ተነስታ ጮርናቄ እየጠበሰች በር ላይ ትሸጣለች። ቢተርፍ ኖሮ ለምሳ ይዤው እሄድ ነበር። ክፋቱ እጇ ጣፋጭ ነው። አይተርፍም።

ታዲያ ክፍያ ያለበት ትምህርት ቤት ምን ልታደርጊ ገባሽ የሚል ይኖራል። ክፍያው እንደ ሌላው የግል ትምህርት ቤት አልነበረም። አባቴ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ እሱንም በግማሽ ቀነሱልን። የተቀነሰ ክፍያ ግን ምሳ ዕቃ ውስጥ አይገባም።

ትምህርት ቤቱ ወሎ ውስጥ ያለ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። የማመሰግንበት ነገር አለኝ፤ የማማበትም አለኝ። እኛ ሰፈር እንኳ በስሙ የሚጠራው የለም። "ልጅሽ የት ነው የምትማረው?" "ሲስተሮቹ ጋ።" በቃ።

ስመዘገብ አክስቴ ቤታችን ድረስ መጥታ ነበር። "የእስላም ልጅ ሲስተሮቹ ጋ? ሃይማኖቷን ቢያስቀይሯትስ?" አለች። አባቴ የተሰበረውን እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ሳቀባት። "መጀመሪያ እናቷን ይሞክሩ፤ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የወጧን ጨው እንኳ ማስቀየር አቅቶኛል" አላት። አያቴ በበኩሏ ካቶሊክን የምታውቀው በስንዴ ነው። በ1977ቱ ረሃብ እህል በብዛት ካከፋፈሉት አንዱ የካቶሊክ ተራድኦ ድርጅት ነበር። "የስንዴዎቹ ሰዎች ናቸው፤ ተያቸው" አለች ለአክስቴ። ለእሷ ነገሩ ያኔ በስንዴው ጊዜ ተዘግቷል።

ቁጥሩን ብታዩት የአክስቴ ስጋት ያስቃል። በ1999ኙ ቆጠራ ደቡብ ወሎ ውስጥ ከአስር ሰው ሰባቱ ሙስሊም ነው። ካቶሊክ በአገር ደረጃ እንኳ 0.7 በመቶ ነው። ቁጥራቸው ከማነሱ የተነሳ የወሎ ካቶሊኮች ያን ጊዜ የሚተዳደሩት ከአዲስ አበባ ነበር። ባሕር ዳርና ደሴ አንድ ላይ የራሳቸውን ሀገረ ስብከት ያገኙት በጥር 2007 ነው፤ እኔ ትምህርት ቤቱን ከጨረስኩ በኋላ። እኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ካቶሊክ ልጅ ነበረች። አባቷ ወታደር ነው፤ ተዛውሮ ነው የመጣው። እሷንም ቢሆን "አንቺ ካቶሊክ፣ ንገሪን እስቲ፣ ሲስተሮቹ ማታ ማታ ምን ያደርጋሉ?" እያልን እናደርቃት ነበር። "ይተኛሉ" ትለናለች።

ትምህርቱ የመንግሥት ነው። መጽሐፉም፣ ፈተናውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ስለዚህ የሃይማኖት ክፍለ ጊዜ የሚባል የለም። የነበረው ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ነው። አንዱ ያማትባል። አንዱ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ቢስሚላሂ ይላል። ጥቂቶቹ ያልሠሩትን የቤት ሥራ ያስባሉ። ብዙ ቆይቼ አንድ ነገር አነበብኩ። ቤተ ክርስቲያኗ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ስለ ትምህርት ባወጣችው ሰነድ ካቶሊክ ያልሆኑ ልጆች ጭምር የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶቿን ከልቧ እንደምትወዳቸው ጽፋለች። ያኔ ባውቅ ለአክስቴ አነብላት ነበር።

ወደ ምሳው ልመለስ።

ጥቅምት ላይ ነው። ሲስተር ክፍላችን ገቡና አምስት ስም ጠሩ። ሲስተር የምላቸው የተማሪ ጉዳይ የሚከታተሉትን ነው። ሌሎቹንም ሲስተር ነው የምንላቸው፤ "ሲስተር" ብቻ ከተባለ ግን እሳቸው ናቸው። የከምባታ ሰው ናቸው። አማርኛቸው የዚያ አገር ቅላጼ አለው። ወሎ ከመጡ በኋላ ደግሞ አንድ ቃል ተጣብቆባቸዋል፤ "አብሽር"። ወድቀህ ጉልበትህ ቢላጥ፣ አብሽር። ፊዚክስ ከመቶ ሃያ ብታመጪ፣ አብሽሪ። ነጠላ ሰረዝ አድርገው ነው የሚጠቀሙባት።

"ምሳ ሰዓት ላይ ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፍ የሚደረድርልኝ ሰው እፈልጋለሁ" አሉ። ከአምስቱ አንዷ እኔ ነኝ። ተናደድኩ። ርቦኝ ደግሞ ሥራ?

ከላይብረሪው ጀርባ ትንሽ ክፍል አለች። ገባን። መሶብ፣ ድስት፣ የተደረደረ ሳህን። "ሠራተኛ ሳይበላ አይሠራም" አሉና ወጡ። በላን። ከዚያ መጽሐፍ ደረደርን። ባዮሎጂ ከባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ ከጂኦግራፊ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨረስን። እንግዲህ አለቀ፤ ወደ ቧንቧዬ ልመለስ ነው ብዬ ሰኞ ስገባ መጽሐፉ ሁሉ ተዘበራርቋል። እንደገና ደረደርን። በሚቀጥለው ሰኞም እንደዚያው። "ይሄ የማታ ተማሪ ሥነ ሥርዓት የለውም" አለ አንዱ ልጅ። ትምህርት ቤቱ ግን የማታ ተማሪ የለውም።

በሦስተኛው ሳምንት ዘበኛው እሑድ ማታ ላይብረሪው መብራት እንደሚበራ ነገረን። እርስ በርስ ተያየን። ማንም ምንም አላለም። ሲስተርንም እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ከአምስታችን አንዱ በሁለተኛው ቀን ቀርቷል። "እኔ ምሳ አለኝ" አለ። አልነበረውም። ሲስተር አልተከተሉትም፤ አልገሠጹትም። ከጥቂት ቀን በኋላ ኳስና መረብ የሚቀመጥበት የዕቃ ቤት ቁልፍ ሲሰጠው አየን። ኃላፊ ሆነ። እዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ ምን ይጠብቀው እንደነበር መገመት ይቻላል።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህንን ያስተዋልኩት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ድስቱ ውስጥ ሁልጊዜ ሽሮ፣ ክክ ወይ ምስር ነው። የጾም ቀን ሆነ የፍስክ፣ ያው ነው። የፋሲካ ሰሞን እንኳ ሥጋ አልገባበትም። ሲስተሮቹ ቆጥበው ነበር የመሰለኝ። ወጥ ሠሪዋን እትዬን ጠየቅኋት። "የማን ቢላ አረደው የሚል ጥያቄ እዚህ ማዕድ ላይ እንዳይነሳ ነው" አለችኝ። "ሽሮን ማን ያርደዋል?"

"ወሎ ፍቅር ነው" የሚል ነገር ፖስተር ላይ ባየሁ ቁጥር እትዬ ትዝ ትለኛለች። መፈክሩን አልወደውም። ውሸት ስለሆነ አይደለም። ፍቅሩ ከሰማይ እንደ ዝናብ የሚወርድልን ስለሚያስመስለው ነው። ሠርግ ደግሶ የሚያውቅ ወሎዬ ያውቃል። ሁለት አራጅ ይጠራል። ሁለት ድስት ይጣዳል። ጭልፋው እንዳይቀላቀል አንዲት ነቃ ያለች ሴት ትመደባለች። የክርስቲያኑ ጾም ከሆነ ሦስተኛ ድስት አለ። ሰው አብሮ የሚበላው ይህን ሁሉ ቀድሞ ያሰበ ሰው ሲኖር ነው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ እትዬ ነበረች።

አሁን ርዕሱ ላይ ልምጣ።

ሲስተር አንድ ጥቁር ደብተር ነበራቸው። ሦስት ዓምድ አለው፤ ስም፣ ቀን፣ ምክንያት። ስም ጥሪ በየክፍሉ ሞኒተር ይያዛል። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲስተር በየክፍሉ በር ብቅ ይላሉ። ሌላ ነገር አይሉም። "ማን ቀረ?"

ሞኒተሩ ይናገራል። ምክንያት ይጠየቃል። "ታሞ" የሚል መልስ አይቀበሉም። "ምኑን ታሞ? ማን አየው?" አየሁት የሚል ከሌለ በሁለተኛው ቀን የቀረው ልጅ የሰፈር ልጆች ከትምህርት በኋላ ቤቱ ይሄዳሉ። ተማሪው ሁሉ በሰፈር ተቧድኖ ነበር። ሦስት ሆነን እንሄዳለን። ደብተር እንወስዳለን፤ የቀረበትን ትምህርት እንዲገለብጥ። ትምህርቱ ሰበብ ነው። ቤቱን እንድናይ ነው የምንላከው። ጠዋት ሲስተር የሚጠይቁን ስለ ደብተሩ አይደለም። "ማን ቤት ነበር? እሳት ይነድ ነበር? እናትየው ምን አለች?"

የመጀመሪያ ጊዜ ስላክ እንደ ሰላይ ተሰምቶኝ ነበር። ለእናቴ ነገርኳት። "ምን አዲስ ነገር አለው?" አለች። እውነቷን ነው። እኛ ሰፈር ቡና ሲፈላ አንዲት ጎረቤት ብትቀር ልጅ ይላክባታል። አቦሉ ላይ ካልመጣች "ሂድ እስቲ እያት" ይባላል። ቶናው ላይ ካልመጣች ራሳቸው ይነሳሉ። የተጣላች፣ የታመመች፣ የተደበደበች፣ ብር የጠፋባት፣ ሁሉም የሚታወቀው በዚያ ነው። ከከምባታ የመጡት ሲስተር የእኛን የቡና ሕግ ወስደው ደብተር ላይ ጻፉት ማለት ነው። ወይም እዚያም አገራቸው እንደዚሁ ይሆናል።

በዚያ መንገድ ብዙ ነገር ይገኝ ነበር። አንድ ልጅ ሳምንት የቀረው ጫማው ተበጥሶበት ነው። ዩኒፎርሙ አለ፤ ጫማ የለም። ነገሩ በሰሊፐር እንዲመጣ በመፍቀድ ተፈታ። አንዷ ልጅ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ሦስት ቀን ትቀር ነበር፤ ደብተሩ ላይ በየወሩ ቀኑን አይተው ነው ሲስተር የነቁት። ከዚያ በኋላ እዚያችው ላይብረሪ ጀርባ አንድ ሳጥን ተቀመጠ። ማንም ሳያስፈቅድ የሚወስድበት። ወንዶቹ ምን እንዳለበት አያውቁም ነበር። ወይም አውቀው ዝም ብለዋል፤ ያም ጨዋነት ነው።

አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ከክፍል አንደኛ ወይ ሁለተኛ የሚወጣ። ስም ጥሪ ላይ አይቀርም። አንድ ቀን ሲስተር ሞኒተሩን "ማን ቀረ?" ሲሉት "ማንም" አላቸው። ሲስተር ክፍሉን ቃኙና "እሱ ቀርቷል" አሉ ልጁን እያዩ። ሳቅን። ቁጭ ብሎ ነው እኮ። ጠርተው ይዘውት ወጡ። አባቱ ሞቶበት አርባው እንኳ አልወጣም ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተመልሶ፣ ፈተና ተፈትኖ፣ አንደኛ ወጥቶ፣ እኛ "አጃኢብ ነው፣ ብርቱ ነው" እያልን እናደንቀው ነበር። አሁን "ድባቴ" የሚል ቃል ለምደናል። ያኔ ቃሉን የሚያውቅ አልነበረም። ሲስተርም የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደሉም። ልጁ የግቢውን አትክልት ለአንድ ወር ያህል ከእሳቸው ጋር ውሃ ሲያጠጣ አየነው። ምን ምን እንዳወሩ አልሰማንም። አንድ ቀን ግን እዚያው ጎመኑ መሃል ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ነበር፤ እሳቸው አጠገቡ ቆመው ውሃውን ማጠጣታቸውን አላቆሙም።

እንግዲህ የማማውን ልናገር።

ያው ትምህርት ቤት፣ ያንኑ ሁሉ የሚያደርገው ትምህርት ቤት፣ የካርድ ቀን ሲመጣ ሌላ ይሆናል። ደረጃ ከአንደኛ እስከ መጨረሻው በወላጅ ፊት ይነበብ ነበር። እስከ መጨረሻው! ከሃምሳ አንድ ተማሪ ሃምሳ አንደኛ የወጣው ልጅ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ አይቻለሁ። ያረፈደ ጠጠር ላይ ይንበረከካል። ዓመቱን ሙሉ ልጅን ሲያክም የከረመ እጅ በአንድ ጠዋት መልሶ ያቆስላል። ሲስተር ይህን ይቃወሙ እንደነበር እገምታለሁ። ገምቶ መናገር ነውር ነው፤ ስለዚህ እተወዋለሁ።

የባሰው ግን ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ነገር ነው።

አስረኛ ክፍል፣ 2004፣ ሚያዝያ። ብሔራዊ ፈተናው ሊደርስ ነው። ያኔ አስረኛ ላይ ፈተና ነበረ፤ ያለፈ ወደ መሰናዶ ይገባል፤ ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። እሷ ግን ጥናቱን ትታዋለች። አንድ ቀን ደብተሯ ውስጥ የደበቀችውን ፓስፖርት አሳየችኝ። "እይ፣ እዚህ ላይ ሃያ አራት ዓመቴ ነው" ብላ ሳቀች። አስራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ወሎ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሐርቡ፣ ከከሚሴ፣ ከኮምቦልቻ ዙሪያ ዓረብ ሀገር ልጅ ያልላከ ቤት ብትፈልጉ ይደክማችኋል። ቤቱ ቆርቆሮ የሚለብሰው፣ ታናሽ ወንድም የሚማረው በዚያ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይኸ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀረች። በሁለተኛው ቀን ሦስት ሆነን ሄድን። እናትየው ቡና አቀረቡልን። "ሄዳለች" አሉን። እንባ የለም። ቤቱ ውስጥ ትንሿ እህቷ የእሷን የዩኒፎርም ሹራብ ለብሳ ትሯሯጣለች። ጠዋት ለሲስተር ነገርናቸው። እሳቸው ብቻቸውን ተመልሰው ሄዱ። ሁለት ጊዜ ይሁን ሦስት ጊዜ። ደብተሩ ላይ፣ ምክንያት ከሚለው ዓምድ ሥር "ዓረብ ሀገር" ተብሎ ተጻፈ። ያን ዓመት እንዲህ ተብለው የተጻፉ አራት ሴቶች ነበሩ።

በ2006 መጀመሪያ ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ጀመረች። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እሷም አብራ መጣች። አንድ ቦርሳ፣ አንድ ብርድ ልብስ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። ሁለት ወር ያህል ከቤት አልወጣችም። ከዚያ አንድ ጠዋት ዩኒፎርም ተውሳ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። አስረኛን ከጀመረችበት ልትቀጥል ፈልጋ ነው።

አልተቀበሏትም። ዓመቱ ተጋምሷል ተባለ። ዕድሜዋ አልፏል ተባለ። ለሌሎቹ ልጆች ጥሩ ምሳሌ አትሆንም የሚልም ተነሳ። ማን እንዳለው አልጽፍም። ሲስተር ቢሮ ገብተው ሲወጡ ፊታቸው ቀልቶ ነበር። አብሽሪም አላሏትም። በር ድረስ ሸኟት።

የማታ ተማረች። አሁን ኮምቦልቻ ሻይ ቤት አላት፤ ጥሩ ሻይ ቤት ነው፤ የጫኝና አውራጁ ሰው ሁሉ እዚያ ነው ቁርስ የሚበላ። ስሄድ አታስከፍለኝም። አንድ ጊዜ ስለ ጥቁሩ ደብተር አንስቼ ማውራት ስጀምር አቋረጠችኝ። "እናንተ የቀረ ሰው መፈለግ ታውቃላችሁ። የተመለሰ ሰው መቀበል ግን አታውቁም" አለችኝ። ሻዩን ቀድታ አጠገቤ አስቀመጠችና ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደች።

ዛሬ እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ብርዱ ግን ሌላ አገር ነው። ክፍሌ ውስጥ 62 ልጆች አሉ። አምስት ክፍል ይዣለሁ። አስሉት። የሲስተርን ደብተር ልጀምር ብዬ የመጀመሪያው ዓመት ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሰበርኩ። ስም መጥራት ብቻ ከአርባ ደቂቃው አስሩን ይበላል። "ጋይዳንስ" የሚል የተለጠፈበት ቢሮ አለን። ውስጡ እግሩ የተሰበረ ወንበር ተከምሯል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም።

በኋላ ዘዴ ቀየርኩ። ዴስኩ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ስገባ ስም አልጠራም። "ከዴስካችሁ ማን ቀረ?" እላለሁ። ሁለቱ ስለ አንዱ ይናገራሉ። "ምኑን ታሞ?" እላለሁ። መጀመሪያ ሳቁ። አሁን እኔ ሳልጠይቅ "ቲቸር፣ ሄደን አይተነዋል" ይሉኛል።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ከዚያ በፊት ለወራት ከቆቦ፣ ከወልዲያ፣ ከሀብሩ የተፈናቀለው ሰው የከተማውን ትምህርት ቤቶች ሞልቶ ነበር። እኔ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ተጠልሏል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የአንዷ እናት ልጆች የቤታቸውን ሥዕል ሥለዋል። ከዚያ እኛም ተፈናቃይ ሆንን። ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 እንደገና በመንግሥት እጅ ገቡ። ስንመለስ ዴስኩ የለም፤ ላብራቶሪው የለም። ልጆቹን ሰበሰብን። ለመጀመሪያ ጊዜ "ማን ቀረ?" ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ። የቀረው የት እንደቀረ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ያውቁ ነበር እንጂ። ዝም ብዬ ቆሜ ሳለ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የኛ ዴስክ ሙሉ ነን" አለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዴስክ ተናገረ። አንድ በአንድ ሄዱበት። ሁለት ዴስክ ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሌላ ጭንቀት ነው። የ2014ቱ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከተፈተነው ሁሉ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 5.4 ደረሰ። ኩረጃው መቆሙን አልጠላም፤ ኩረጃ የሚያስተምረውንም የሚማረውንም ያዋርዳል። ግን አስራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። "ቲቸር፣ ከመቶው ዘጠና አምስቱ የሚወድቅ ከሆነ ምን ልሁን ብዬ ልቀመጥ?" አለኝ አንዱ። መልስ ፈልጌ አጣሁ። የፎቶሲንተሲስን ትምህርት ቀጠልኩ። ማታ ላይ ተኝቼ ነው አንድ ሁለት መልስ የመጣልኝ፤ እሱም አጥጋቢ አልነበረም።

በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ። ረመዳን የካቲት 22። ሁሉም ጾመኛ። ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ 62 የተራበ ልጅ ፊት ቆሞ ስለ ኢንዛይም ማውራት ሞክሩት እስቲ። ያኔ አንድ ነገር ታዘብኩ። በሌላ ጊዜ የምሳ ዕቃ የሌላቸውን ልጆች ከሩቅ ለይቼ አውቃቸው ነበር። በዚያ ወር ማንም አይታወቅም። ሁሉም አይበላም። ከልጆቹ መካከል ያ ወር እፎይታ የሆነላቸው እንዳሉ እርግጠኛ ነኝ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ረመዳን ክረምት ላይ ነበር የሚውለው፤ ትምህርት ዝግ ሆኖ። አልጠቀመኝም።

በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ልጅ አራት ቀን ቀረ። የስም ጥሪ ቁጥሩ 41 ነው። የዴስክ ጓደኞቹ "ሄደን አጣነው" አሉኝ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሁለቱን ይዤ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤቱ ሄድኩ። አያቱ ብቻቸውን ቡና እየቆሉ ነው። "ግቡ፣ ግቡ፣ ቡና ጀባ!" አሉ። ልጁ የት ነው ብል ወደ ውጭ አመለከቱኝ። እናቱ ቤሩት ናት። ብር መላክ ካቆመች ሦስተኛ ወሯ ነው።

አቦሉን ጠጣን። ቶናው ላይ በሩ ተከፈተ። ልጁ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት ተሸክሞ ገባ። እኔን ሲያይ ጆንያውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው።

"ቲቸር፣ ሰኞ እመጣለሁ" አለ ገና ምንም ሳልጠይቀው።

"ሰኞ ገበያ ነው" አሉ አያቱ ከጀበናው ሳይዞሩ።

"ማክሰኞስ?" አልኩት።

ዝም አለ። አያቱ በረካውን ቀዱ። "ወላሂ ይመጣል" አሉ እሳቸው።

ማክሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ከዴስካችሁ ማን ቀረ ስል ሁለቱ ጓደኞቹ በመስኮቱ ወደ ታች አዩ። የውጭው በር ተዘግቷል። አርፋጆች ተሰልፈው ተንበርክከዋል፤ እሱም ከመጨረሻው ላይ አለ፤ ጫማው ላይ የገበያ ጭቃ። ጠመኔውን ለሞኒተሯ ሰጥቼ ወረድኩ።

"ይሄ ልጅ የእኔ ነው" አልኩት ዘበኛውን።

"ሁሉም የእርስዎ ናቸው እንዴ ቲቸር?" አለኝ። ሰባት ነበሩ።

"አዎ" አልኩ። አላመነኝም። ግን በሩን ከፈተው።